የሰላጣ መስኮት

ለማንም ነግሬ የማላውቀው ነገር ይህ ነው፦ አንድ ቀን፣ ባለቤቴና እህቱ ምሳ ሊበሉ ሲወጡ፣ የሥራ ክፍላቸው ገብቼ በብሩሻቸው የሰላጣ አበባ ነካሁ። ብሩሹን በሽርጤ ጠርጌ ቦታው መለስኩት። ሌላ ምንም አላደረግሁም።

ሰው ቢሰማው ይስቃል። የሌላ ሰው ታሪክ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር። ግን በዚያ ብሩሽ ሰበብ አንዲት ሴት ከወንድሟ ቤት ወጥታ ሳትመለስ ቀረች። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሌለ ነገር ሲፈልግ ኖረ። አንዲት ሕፃንም ስም ወጣላት።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ደብዳቤዎች የእኔና የባለቤቴ እህት ናቸው። የእኔዎቹን ከመላኬ በፊት ገልብጬ አስቀርቻለሁ። የእሷ የመጀመሪያው ደብዳቤ ግን የለም። አንድም ክፉ ቃል አልነበረበትም፤ ፈርቼው ቀደድኩት።

*

ጥቅምት 3

ለባለቤቴ እህት፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ፖስታው ላይ ያለውን ጽሕፈት ሳይ ቆሜ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ለዚህን ያህል ዘመን ዝምታ የሚበቃ ሰላምታ አላውቅምና ዝም ብዬ እንደምን አለሽ ልበልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል፣ ሌላው ደህና ነው።

ለቀብሩ ስላልደረስሽ ይቅርታ መጠየቅሽን ተይው። መርዶው ዘግይቶ ከደረሰሽ ያዘገየነው እኛ ነን። አድራሻሽን ማን ያውቃል እየተባባልን ስንጠያየቅ ቀኑ አለፈ። በዚህ ቤት ያንቺ አድራሻ የሚቀመጥበት ቦታ አልነበረም። ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ።

ወደጠየቅሽኝ ልመለስ። የስላይዶቹ ሳጥን አለ። ክዳኑ ላልቷል እንጂ መስታወቶቹ አልተሰበሩም። ማይክሮስኮፑም በዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፣ አንቺ የሰፋሽለትን ጨርቅ ለብሶ። ታናሺቱ አበባም አለች። ወንድምሽ «ከዚህ ኮረብታ በቀር የትም አትበቅልም» ይል አልነበር? ዛሬም እዚያው ከድንጋዮቹ ሥር ናት፣ እንደ ድሮዋ ቢጫና አኩራፊ። ታላቂቱና መሐለኛዋ እህቶቿ ግን መንገዱን ሞልተውታል። ከሦስቱም አበባ ቆርጬ፣ እንዳልሽው ለየብቻ በወረቀት ጠቅልዬ ልኬልሻለሁ። መቀሱን በየመሐሉ በአልኮል ጠርጌዋለሁ።

ልጃችን ደህና ናት። አንቺ ስትሄጂ ገና በሆዴ ነበረች፤ አሁን መነጽር ቤት ተቀጥራ የሰው ዓይን ትለካለች። አባቷ ምን ብሎ ይጠራት እንደነበር ጠይቀሻል። መስኮት ነበር የሚላት። ሁላችንም መስኮት ነው የምንላት። ለምን እንደሆነ ከማንም በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ስለ ብሩሹ የጠየቅሽኝን ዛሬ አልመልስልሽም። አልረሳሁትም። ሌላ ጊዜ።

አንድ ነገር ብቻ። «እርስዎ» ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ። ድሮ በዚህ ቤት «እትአበባ፣ አንቺ» እያልሽኝ ከድስቴ በጣትሽ ታወጪ ነበር። ይህ አክብሮትሽ በር በቀስታ እንደመዝጋት ነው። መብትሽ ነው። ግን ሲዘጋ ሰማሁት።

የወንድምሽ ባለቤት

*

ጥቅምት 24

ለእትአበባ፣

የላኩልኝ አበባ በደህና ደርሷል። ወረቀቱን ስፈታ አንዲት ጉንዳን ወጣች። የአገር ቤት እንግዳ መጣችልኝ ብዬ በመስኮት አሳለፍኳት።

የምሠራውን ባጭሩ ልጻፍልዎት። ማር እንመረምራለን። ነጋዴው «የዚህ አበባ ማር ነው» ሲል፣ ማሩ ውስጥ የቀረውን የአበባ ዱቄት በማይክሮስኮፕ አይተን እውነቱን ነው፣ አይደለም እንላለን። እያንዳንዱ አበባ ዱቄቱ ላይ የራሱ መልክ አለው፤ ንብ ደግሞ አትዋሽም። አሁን የዕፅዋት ቤተ መዘክሩ ስለነዚህ ሦስት እህትማማች አበቦችና ስለ ዘመዶቻቸው መጽሐፍ ያሳትማል። የዱቄታቸውን ንጽጽር የምጽፈው እኔ ነኝ። እንዲህ ያስቸገርኩዎት ለዚህ ነው።

ያየሁትን ልንገርዎት። የሦስቱም ዱቄት ክብ ኳስ ነው፣ ዙሪያውን እሾህ የለበሰ፣ እንደ ጃርት። የታላቂቱ እሾህ ረጅምና ሹል ነው። የመሐለኛዋ አጭር፣ ከሥሩ ሰፋ ያለ። የታናሺቱ ቀጭንና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ሦስቱም ሦስት ሦስት ቀዳዳ አላቸው። በአካሄዳቸው ቢለያዩም ሳቃቸው አንድ እንደሆነ እህትማማቾች ናቸው። ታናሺቱ ከዚያ ቤት ናት፤ አያጠራጥርም።

መስኮት ግን የላትም። ወንድሜ ያየው፣ በግድግዳ የተከፋፈለ፣ በግድግዳው ላይ እሾህ የተተከለበት፣ በመሐሉ ባዶ መስኮት ያለው ቅንጣት አንድም የለም። ብዙ ፈለግሁ። እንዲህ ያለ ዱቄት ያለው ሰላጣና የሰላጣ የቅርብ ዘመድ ነው። እነሱም ከዚሁ ከሱፍ አበባ ትልቅ ቤተሰብ ናቸው፣ ግን ከሌላው ቅርንጫፍ። እንግዲህ ወንድሜ ታናሺቱን ከእህቶቿ ነጥሎ ብቻዋን ያስቀመጣት በከንቱ ነው። ስላይዱ ላይ ሌላ ዱቄት ገብቶ ነበር።

ያን ስላይድ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

ሰሊጥ ከኑግ ጋር ከተገኘ አብሮ ይወቀጣል ይባላል። ያቀላቀልኩት እኔ ከሆንኩ መወቀጤ ተገቢ ነበር። እዚህ ያሉት ልጆች ብሩሽ ሦስቴ ሳላጥብ ሥራ እንደማልጀምር ያውቃሉ። በቀደም አንዷ «እትዬ፣ ብሩሹ ሙሽራ ነው እንዴ?» ብላ ሁሉንም አሳቀችብኝ። እኔም ሳቅሁ። ለምን እንደማጥበው ግን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

በግርጌ ማስታወሻው ላይ «ስሕተቱ የስላይድ አዘጋጇ ነው» ብዬ በስሜ ልጽፍ ነው። ጽሑፉን በኅዳር መጨረሻ ይረከቡኛል። ከዚያ በፊት ግን በሕይወት ካሉት መካከል የሚያውቅ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ያን ቀን ክፍሉን ያጸዱ ነበር። ብሩሹን ሳጥብ አይተውኛል ወይስ አላዩኝም? እኔ ማጠቤን አስታውሳለሁ። ግን ይህን ያህል ዓመት «አጥቤያለሁ» ሲል የኖረ ሰው፣ የሚያስታውሰው ማጠቡን ይሁን ማለቱን መለየት ያቅተዋል።

እባክዎ ይህን ጥያቄ አይዝለሉብኝ።

የባለቤትዎ እህት

*

ኅዳር 6

እህቴ፣

አጥበሽዋል።

በዓይኔ አይቻለሁ። ጠዋት አጥበሽ፣ በጨርቅ አድርቀሽ፣ ጫፉን ወደ ላይ አድርገሽ ብርጭቆው ውስጥ አቆምሽው። ከዚያ ምሳ ሄዳችሁ። ከዚያ እኔ ገባሁ።

እስከዚህ የጻፍኩትን ትቼ ተነሥቼ ዕቃ አጠብኩ። አሁን ተመልሻለሁ።

ማንበብ የጀመርኩት ከስላይዶቹ ጠርዝ ላይ መሆኑን አታውቂም። እሱም ሳያውቅ ሞተ። ያንቺ ጽሕፈት ጠበብ ያለና ግልጽ ነበር። ስጠርግ አንድ ፊደል፣ ስወለውል አንድ ፊደል እያልኩ «ታናሽ» የሚለውን ቃል ብቻዬን አነበብኩ። እናንተ የተማራችሁ ሰዎች ናችሁ፤ እኔ ወጥ ይዤ የምገባ፣ ሰሐን ይዤ የምወጣ ነበርኩ። ማንም እንዲያ አላለኝም። እኔው ነኝ ለራሴ እንዲያ ያልኩት።

በወጥ ቤቱ ደጃፍ በቆርቆሮ የተከልኩት ሰላጣ ትዝ ይልሻል? መስኮትን የጸነስኩ ሰሞን ሽታው ስላስጠላኝ ሳልቆርጠው ቀረሁ። ቁመቱ ረዘመ፣ አበበም። ሰላጣ አበባ እንዳለው ያኔ ነው ያወቅሁት፤ ትንንሽ ቢጫ አበባ፣ ታናሺቱን የሚመስል። እነዚህም ዘመዳማቾች ይሆኑ እንዴ አልኩ። የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም እንዳልልሽ፣ ነበረኝ፤ አፍሬ ነው። ስለዚህ አበባውን ቀጥፌ ገባሁ፣ አንቺ ስታደርጊ እንዳየሁት በብሩሹ ነካ ነካ አድርጌ መስታወት ላይ አራገፍኩት፣ ማይክሮስኮፑ ሥር አድርጌ አየሁም። ኮቴያችሁን ስሰማ መስታወቱን ሽርጤ ኪስ ከተትኩ፣ ብሩሹን ጠርጌ መለስኩት። ከሰዓት በኋላ አንቺ በዚያ ብሩሽ የታናሺቱን ዱቄት አነሳሽ።

ሊመሽ ሲል ወንድምሽ እየሮጠ ወጥ ቤት መጣ። «መስኮት አላት! ታናሺቱ መስኮት አላት!» አለኝ። ሊጥ የማቦካበት ጠረጴዛ ላይ የተረፈ ዱቄት ነበር፤ በጣቱ ሳለልኝ። የሳለውን ሳይ የት እንዳየሁት አወቅሁ። እጁን ሆዴ ላይ አድርጎ «ሴት ከሆነች መስኮት ነው የምላት» አለ። እንዲህ ሲደሰት አይቼው አላውቅም። ደስታው ቤቱን ሞልቶት ነበር፤ በየት በኩል ገብቼ ላውጣው?

በማግስቱ የተባባላችሁትን ከግድግዳው ማዶ ሰማሁ። አንቺ «ሌላ አበባ ገብቶበታል፣ ደግመን እንሥራው» አልሽ። እሱ «ብሩሹን አጥበሻል አላጠብሽም?» አለ። «አጥቤያለሁ» አልሽ። «እንግዲያስ መስኮቱ የእሷ ነው። ካላጠብሽ ደግሞ እዚህ ክፍል ምን ታደርጊያለሽ?» አለሽ። መውጫ አልነበረሽም። ከሕፃንነትሽ ጀምሮ «ጥንቅቅ» እያለ ሲጠራሽ የኖረ ሰው ያን ቀን «ዝርክርክ» አለሽ። እኔ ማንኪያ ይዤ ቆሜ ነበር። «እኔ ነኝ የነካሁት» ብል ይበቃ ነበር።

ስትወጪ ለመንገድሽ ዳቦ ጠቅልዬ ሰጠሁሽ። አቅፈሽኝ «አንቺ ብቻ ታምኚኛለሽ» አልሽኝ።

ከዚያ በኋላ ዛሬ ነገ ስል ነገ ራሱ ትናንት ሆነ። በየዓመቱ ኮረብታው ላይ ወጥቶ አበባውን ያመጣል፣ ያያል፣ እሾህ ብቻ። «ዘንድሮ ዝናቡ በዝቶ ነው» ይላል። በዓመቱ «ዘንድሮ ዝናቡ አንሶ ነው» ይላል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፣ እልኸኛ ነበር። ግን እልኹን ስቀልብ የኖርኩት እኔ ነኝ። ያንቺ ስም ሲነሣ ወንበርሽን ከጠረጴዛው ሥር እያወጣ ይመልሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላጣ ተክዬ አላውቅም። መስኮት እናቷን ሰላጣ የማይስማማት ይመስላታል።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ጽፌ ሰረዝኩት፤ አንሶ ታየኝ። አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ግርጌው ላይ ስምሽን አትጻፊ።

እኔ

*

ኅዳር 27

እህቴ፣

መልስ አልጠበቅሁም ብል ውሸት ነው። ፖስተኛው ገና ከመንገዱ ማዶ «እማማ፣ ዛሬም የለም!» ብሎ ይጮኻል። ሰፈሩ ሁሉ እንደማይጻፍልኝ አወቀ።

አልመለስሽልኝም ብዬ አይደለም የምጽፈው። የመስኮትን ነገር ልነግርሽ ነው። እሑድ መጥታ ጠረጴዛው ላይ ብዕርና ወረቀት አየች። «እማ፣ ፍቅረኛ ያዝሽ እንዴ?» አለችኝ። «ለአክስትሽ ነው» አልኳት። «ለየቷ አክስቴ? ለዚያች ዝርክርክ?» አለች።

በክፋት አይደለም። ከዚህ ቃል በቀር ስለ አንቺ የምታውቀው የለም፤ እንደ ስምሽ ነው የያዘችው። «ተይ» አልኳት። ለምን ተይ እንዳልኳት ግን አልነገርኳትም። ሻይ ጠጣን፣ ስለ ጉልበቴ አወራን፣ ሄደች። እኔ ያን ቃል ብቻዬን አጠብኩት፣ አልለቅ አለኝ።

የወሩ መጨረሻ ደርሷል። ስምሽን እንዳትጽፊ።

*

ታኅሣሥ 12

ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ። በመጀመሪያው «እርስዎ» ነበሩ። በሁለተኛው ስም አልነበረዎትም። በሦስተኛው ደብዳቤ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ «አንቺ» ብዬ ተገኘሁ። የሚቆጡት ሰው አንቺ መባል አለበት ለካ። እርስዎ እያሉ መቆጣት አያምርም፤ ነጠላ ለብሶ እንደመታገል ነው። ስለዚህ አንቺ።

ተቆጥቻለሁ። ወንድሜን ሳልቀብር ቀረሁ። «ና» ቢለኝ እመጣ ነበር፣ «ነይ» ሳይለኝ ሞተ። እነሆ፣ ከንዴቴ የተነሣ ሴትና ወንዱን አቀላቀልኩት፤ አልሰርዘውም። ያን ዳቦ መንገድ ላይ በላሁት፣ እያለቀስኩ። ጨው የበዛበት መስሎኝ ነበር። «አንቺ ብቻ ታምኚኛለሽ» ማለቴን ባላስታወስሽኝ ይሻል ነበር። እውነቴን ነበር፤ ከሰው ሁሉ ንጹሕ መሆኔን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነበርሽ!

ይህንን እንዳለ ተቀበይልኝ። አላለዝበውም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ሥራ ገባሁ። የማር ናሙና ነበር። ብሩሹን አንድ ጊዜ አጥቤ ጀመርኩ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ።

«እትዬ፣ አሞዎታል እንዴ?»

«ድኛለሁ» አልኳት።

አልገባትም። እኔም እጄን አየሁት። ተራ እጅ ነው፤ ጥፍሩ አጭር፣ አንዱ ጣት የተቃጠለ። ያለ ጥፋቱ ስጠብቀው የኖርኩት እስረኛ መሰለኝ። አሳዘነኝ።

አሁን ከሁሉም ያቃጠለኝን ልንገርሽ። ስሕተቱ አይደለም። ዝምታውም ራሱ ሁለተኛ ነው። ብቻሽን ማየትሽ ነው። ብትጠይቂኝ ከጎኔ ወንበር እስብልሽ ነበር። ደግሜ ደጋግሜ አሳይሽ ነበር፤ አሰልችሽ ነበር! በዚያ ቤት የሚጠይቀኝ ሰው አጥቼ እኔም ብቻዬን ነበርኩ። ሁለት ብቸኛ ሴቶች በአንድ ብሩሽ ተራ በተራ።

ጽሑፉን አልሰጠሁም። እስከ የካቲት እንዲታገሡኝ ለመንኩ። የድሮውን ስላይድ ላኪልኝ። ሁለት አዲስ ስላይድ ደግሞ በገዛ እጅሽ ሠርተሽ ላኪ፤ አንዱ የሰላጣ፣ አንዱ የታናሺቱ። አሠራሩን በሌላ ወረቀት ጽፌልሻለሁ፤ ዱቄቱ መስታወቱ ላይ የሚጣበቅባትን ሮዝ ጄሊም አብሬ ልኬያለሁ። ጠርዙን የምታሽጊው በጥፍር ቀለም ነው፣ ቀለም በሌለው።

እና መልሺልኝ። ያን ቀን ምን አየሽ? ስለ ጥፋቱ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍሽ፤ ስላየሽው «አየሁም» ብለሽ አለፍሽ።

መስኮትስ ታውቃለች?

*

ጥር 8

የኔ እህት፣

«አንቺ» ያልሽበትን መስመር እየደጋገምኩ አነበብኩት። ቁጣሽን እንዳለ ተቀብያለሁ። ከእርስዎሽ ይልቅ ቁጣሽ ይሞቃል።

ሰላጣ ፍለጋ ጎረቤቴ ጋ ሄድኩ። ጓሮዋ አንድ ያረጀ፣ ያበበ ሰላጣ ቆሟል። «የሚበላ ልስጥሽ፣ ይኼማ መሮ ለዶሮም አይሆን» ብትለኝ «እሱኑ ነው የምፈልገው» አልኳት። እያየችኝ ቆረጠችልኝ። ሱቅ ገብቼ ደግሞ የጥፍር ቀለም ጠየቅሁ። ባለሱቋ ነጠላዬን አየች፣ እጄን አየች። «እማማ፣ ለማን ነው?» አለችኝ። «ለአበባ» አልኳት። እስከ ማታ ሰፈሩ ውስጥ ባሏ በሞተ በዓመቱ ጥፍሯን ልትቀባ ነው ተብሏል። ይባል። ከፖስታው ወሬ ይህ ይሻላል።

የመጀመሪያው ስላይድ አረፋ ሆነብኝ። በሁለተኛው ጄሊውን አብዝቼ ከመስታወቱ ወጥቶ ፈሰሰ። በሦስተኛው እጄ ረጋ። ብሩሹን በየመሐሉ ስንቴ እንዳጠብኩት አልነግርሽም፤ ሙሽራ ነው እንዴ ትይኛለሽ። ታናሺቱን የሠራሁት በጥቅምት ካስቀረሁት አበባ ነው። የድሮው ስላይድም አብሮ አለ። ጠርዙ ላይ ያለው ያንቺ «ታናሽ» ገና አልደበዘዘም።

አሁን ያየሁትን ልንገርሽ። ቤት ነው ያየሁት። ክብ ቤት፣ ዙሪያው ሁሉ መስኮት፣ በየመስኮቱ ጠርዝ እሾህ የተተከለበት፣ ሌባ እንዳይገባ አጥር ላይ እንደሚተክሉት። በየመስኮቱ ብርሃን ይታያል። ከታች ያለው የማይክሮስኮፑ መብራት መሆኑን ያኔ አላወቅሁም፤ ሰው ያለበት መሰለኝ። ሰላጣ እኮ ነው! ቅጠሉን አጥቤ የምከትፈው፣ የጠወለገውን የምጥለው። ይህን ሁሉ ቤት ይዞ ዝም ብሎ ደጃፌ ቆሞ ኖሯል። ብቻዬን ሳቅሁ። ደግሜ ላየው ጎንበስ ስል ኮቴያችሁን ሰማሁ። ብሩሹን ያላጠብኩት ለዚህ ነው። ቸኩዬ ነው፤ ሌላ የምነግርሽ ምክንያት የለኝም።

ይህን ጠይቀሽ ባታስታውሺኝ ረስቼው ነበር። ጥፋቱ ላዩ ላይ ተቀምጦ፣ ከሥሩ ደስታ እንደነበር ረሳሁ። አሁን የሰላጣውን ስላይድ ማይክሮስኮፑ ላይ አድርጌ ሳየው እነዚያው መስኮቶች ናቸው። አልተቀየሙኝም።

ለግርጌው የፈለግሽውን ጻፊ፣ የእኔን እጅ ግን አትደብቂው። እሱን ላለማሳፈር ብለሽም አትዝለይው። ያየውን ነው ያለው፤ ያየው ነገር ከየት እንደመጣ ነው ያልነገርኩት።

መስኮት አታውቅም። እነግራታለሁ።

ነይ እንድልሽ ትፈቅጂልኛለሽ? እሱ ያላለውን እኔ ልበልልሽ። ነይ።

እትአበባሽ

*

የካቲት 2

እትአበባ፣

ስላይዶችሽን አየሁ። የሰላጣው አንድ ጥግ ላይ ትንሽ አረፋ ቀርቶበታል፣ ከአንድ ጀማሪ ልጅ ብቀበለው ግን አልቆጣም። የታናሺቱ ንጹሕ ነው። አንድም መስኮት የለውም። ልጆቹን ጠርቼ አሳየኋቸው። «ማን ሠራው?» አሉኝ። «የወንድሜ ሚስት» አልኳቸው። ያቺ «ሙሽራ ነው እንዴ» ያለችኝ ተረበኛ «በቤታችሁ ሁሉም ሰው ነው እንዴ ዱቄት የሚያየው?» አለች። «አዎ፣ ተደብቀን» አልኳት።

የድሮውን ስላይድ ለብቻዬ ሆኜ አየሁት። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ያየውን አየሁ። በእሾሃሞቹ መሐል እዚህም እዚያም መስኮታሞቹ ተበትነዋል፣ ያምራሉ። ይቅር አልኩት። አንቺን ገና ነኝ፤ ጀምሬያለሁ ግን።

የግርጌ ማስታወሻው እንዲህ ይላል፦ «በመጀመሪያው ስላይድ ላይ የታዩት መስኮታማ ቅንጣቶች የሰላጣ ናቸው፤ በብሩሽ የመጡ ናቸው። ሳታስበው ያመጣቻቸውም፣ የሰላጣ መሆናቸውን ከሁሉ በፊት ለይታ ያወቀችውም የተመራማሪው ባለቤት ናት። ታናሺቱ ከእህቶቿ ጋር ትመደባለች።» የምትጨምሪው ካለ ጻፊልኝ። የምትቀንሺው ካለ ተይው።

ነይ ብለሽኛል። ለወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ትኬት ቆርጫለሁ። ግን አንድ ነገር እወቂልኝ፤ ዝርክርኳ አክስት የምባልበት ቤት አልገባም። ደጃፍ ደርሼ ነው የምመለሰው፣ ታውቂኛለሽ። ለመስኮት ንገሪያት። የምትነግሪያት አንቺ ነሽ። እኔ ብነግራት ራሴን ነጻ ማውጣት ይሆናል፤ አንቺ ስትነግሪያት ነው እውነት የሚሆነው።

ስመጣ ሰላጣ እበላለሁ። ያላበበ።

ጥንቅቅ

*

ይህንን ልንገርሽ ብዬ ሰኞ ሥራ ቦታሽ መጣሁ። መነጽር ቤቱ ሰው ሞልቶት ነበር። አንድ ሽማግሌ አስቀምጠሽ «አባባ፣ የትኛው ይጠራል? ይኼ ወይስ ያኛው?» እያልሽ መስታወት ትቀያይሪላቸው ነበር። «ሁለቱም አንድ ነው» ሲሉሽ «አንድ አይደለም፣ አይቸኩሉ፣ ደግመው ይዩ» አልሽ። እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ጠፋብኝ። «ምነው እማ?» ስትይኝ «ጉልበቴ» አልኩሽ። ስለ ጉልበቴ ያወራሁሽን ያህል ስለ ምንም ነገር አውርቼሽ አላውቅም።

አፌ እምቢ ስላለ ደብዳቤዎቹን ሰበሰብኩ። አባትሽ ስም ሲያወጣልሽ ያየው ነገር እውነት ነበር፤ ቦታው ብቻ ነው የተሳሳተው። የሰላጣውን ስላይድ ሌላ ሠርቼ ከነዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ከማንበብሽ በፊት ወይም ካነበብሽ በኋላ እንደወደድሽ እይው፣ ያንቺ ዓይን ከእኔ ይሻላል። ከዚያ ከተቆጣሽ «አንቺ» ብለሽ ተቆጪኝ እንጂ ዝም አትበይኝ። ዝምታ ምን እንደሚያደርግ እኔ ነኝ የማውቀው።

አክስትሽ ቅዳሜ ትመጣለች። ጥንቅቅ ትባላለች። በሩን ብትከፍችላት ደስ ይለኛል።

እነዚህን ገጾች የምትቀበለው ልጄ መስኮት ናት።